ሕፃን ሲታመም፦ መምህር ስለ ማስታመም ምን ይወቅ?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ያልሰማ ሠልጣኝ በመካከላችን አይገኝም። አባባሉ ልጅ የበዛበትን፣ ኑሮ የከበደውን ወላጅ ለማጽናናት የተባለ ስለሆነ ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት በእናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ዕድል የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ስም አለው፤ ይኸውም በአጠገቡ ያለው ሰው የሚያውቀው ወይም የማያውቀው ነገር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ሕፃናትንና ልጆችን የማስታመም መሠረታዊ መርሆች የተባሉትን ለአንባቢያን ለማስረዳት እንሞክራለን።

«እናንተ ነርስ አይደላችሁ፣ ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነርሶች አይደለንም። ዳሩ ግን ከመካከላችን ከካቺሲና ከአካባቢዋ የመጣን አለን፤ መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ የጀልዱን ጎጆ አልፎ ግንደበረት ይደርሳል። ካቺሲ ከተማ ላይ ሐኪም ማግኘት ይቻል ይሆናል። ከካቺሲ ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ግን ጤና ኬላው ራሱ የእግር መንገድ ነው። እኛ ደግሞ ተመርቀን የምንመደበው በአብዛኛው እንዲህ ባለው ቀበሌ ነው። እዚያ የእጅ ሰዓት ያለው፣ የመድኃኒት ወረቀት አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ «ኧረ መምህሩን ጥሩት!» መባሉ አይቀርም። የሚጠሩትም ሌሊት ነው።

ስለ ሙያው ታሪክ ጥቂት እንበል። በለንደን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1852 ዶክተር ቻርልስ ዌስት ለሕፃናት ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። ከ2 ዓመት በኋላም የታመሙ ልጆችን ስለ ማስታመም ለነርሶች መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ ልጅ ለብቻው የሆነ አያያዝ ያስፈልገዋል ማለት አዲስ ሐሳብ ነበር። ይኸን ሆስፒታል ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በፋሽስት ወረራ ምክንያት በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ከተሰደዱ በኋላ የሕፃናት ነርስነትን የተማሩት እዚያው ነው። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሰው፣ ባለቤታቸው በወለጋ ተሹመው ስለ ነበር አብረው ወደ ለቀምት ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ ልጃቸውም አልተረፈም። ዕድሜያቸው ገና 22 ነበር፤ ከብዙዎቻችን ብዙም አይርቅም። ሕፃናትን ማዳን የተማሩት ነርስ፣ ያውም የንጉሥ ልጅ፣ በእኛው በአምቦና በጉደር መንገድ ተጉዘው በሚደረስበት ከተማ በወሊድ መሞታቸው ያስገርማል። ሙያን የያዘ ሰው አንድ ብቻ ከሆነና እሱ ራሱ የታመመ ዕለት ማን ይደርሳል? በአዲስ አበባ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። ሙያውን ወደ ገጠር ያወረዱት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የኅብረተሰብ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው። የዛሬዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጡት ብዙ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ነርሶች ከሁሉ በፊት የሚማሩት «ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም» የሚለውን ነው። የእኛን ሰውነት ቀንሰን ብናስበው ሕፃን አናገኝም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ 75 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ በአዋቂ ሰው ግን 60 በመቶ ገደማ ነው። አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ አራስ ሕፃን ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ልቡም በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ይመታል። ቆዳው ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ሙቀትና ውሃ ቶሎ ያመልጡታል። የመተንፈሻ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ለእኛ ተራ ጉንፋን የሆነው ለእሱ መታፈን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ሕፃን ቶሎ ይወድቃል። በጊዜው ከተያዘም ቶሎ ይነሳል፤ ደስ የሚለው ይኸ ነው። መድኃኒትም በክብደቱ ተሰልቶ ይሰጠዋል እንጂ የአባቱን ክኒን ለሁለት ገምሶ ማዋጥ አይቻልም። በተለይ አስፕሪን ለልጆች ትኩሳት አይሰጥም።

ስለ ሙቀት ስናነሳ ግንደበረት ደጋ ላይ ክረምት ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። አራስ ሕፃን እንደ ተወለደ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ተደርጎ አብረው ይሸፈናሉ። መታጠቡ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ሲሆን በእናቱ ጡቶች መካከል ቆዳ ለቆዳ ታስሮ ይውላል፣ ያድራል። ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው፤ ማሞቂያ መሣሪያ አልበቃ ብሎ ሲጨንቃቸው ዶክተር ኤድጋር ሬይ እናቲቱን ራሷን ማሞቂያ አደረጓት። ካንጋሩ የሚባለው እንስሳ ልጁን በኪሱ ስለሚይዝ የካንጋሩ እንክብካቤ ተባለ። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ በዶክተር ቦጋለ ወርቁና በባልደረባቸው ተሞክሮ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ በዚህ ዘዴ የተያዙት ሕፃናት ከሌሎቹ በተሻለ ተርፈዋል። መብራት አይፈልግ፣ ናፍጣ አይፈልግ! እናት ስትደክም አባትም ሊያቅፍ ይችላል። ይኸን ስንል የሚስቁ ወንድሞቻችን እንዳሉ እናውቃለን፤ ይሳቁ፣ ብቻ ይቀፉ።

ምግቡም እናቱ ዘንድ ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር አለበት። መጀመሪያ የሚመጣው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት፣ ማለትም እንገሩ፣ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይታለብና ይደፋል። ለጥጃ እንገር እንደሚያስፈልገው የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ለልጁ ሲሆን ለምን ይደፋል? በሽታን የሚከላከል ነገር የሞላበት ይኸው እንገር ነው። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን፣ የአብሽ ውሃም ቢሆን፣ ስኳር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ከሆነ ግን ይሰጠዋል። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎ፣ እንቁላል፣ አትክልት እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል። በአራስ ቤት የሚቀርበው ገንፎ፣ በኦሮምኛ መርቃ የሚባለው፣ እናቲቱን ስለሚያበረታ ባህሉ መልካም ነው። ችግሩ ከገንፎው ላይ ቅቤ ተነሥቶ ሕፃኑ ሲውጥ ነው። እትብቱም ላይ ቅቤ ወይም እበት አይቀባም፤ የጤና ባለሙያ የሰጠው ቅባት ከሌለ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይተው።

ከሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት የፈለግነው ስለ ተቅማጥ ነው። በልምምድ ማስተማር ጊዜ ከካቺሲ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ ወንድሟን አዝላ መጣች። እናቷ ገበያ ሄዳ ነበርና ትምህርት እንዳይቀርባት ይዛው መምጣቷ ነው። ልጁ 1 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሲያለቅስ ድምፅ አለ፣ እንባ ግን የለም። ዐይኑ ጎድጉዷል። አያቱ ተጠርተው ሲመጡ «ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል፤ የጠጣው ሁሉ እየወጣ ስላስቸገረ ውሃ ከለከልነው» አሉ። እሳቸው ክፉ ሴት አይደሉም፤ ብዙ ልጅ ያሳደጉ ናቸው። የሚያዩትን አይተው ነው የፈረዱት፤ ከላይ ሲገባ ከታች ይወጣል፣ ስለዚህ ካልገባ አይወጣም። ከእኛ አንዷ «እማማ፣ እንስራው ቢያፈስ ውሃ መጨመር ይተዋል ወይ? ከብቶቹስ ምን ይጠጣሉ?» አለቻቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው «መጨመርማ ይጨመራል፣ እስኪደፈን» አሉ። ልጁ ከጤና ኬላ በመጣ ንጥረ ነገር በማንኪያ በማንኪያ እየጠጣ ሲመሽ መሽናት ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው «ለምለም» እያለ የሚጠራው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ 1 ሊትር የሚል የተጻፈበት ሃይላንድ ለመለኪያ ይበቃል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በተቀመጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ የቡና ስኒ በላይ እስከ አንድ ስኒ ተኩል ገደማ፣ በማንኪያ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ብሎ እንደገና መጀመር ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ተደፍቶ አዲስ ይበጠበጣል። ፓኬቱ ከጠፋ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ላይ ልክክ ያለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልክክ ያለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። ጨው ማብዛት አደገኛ ስለሆነ ይቀመስ፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ይደፋ። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ከዚህ ጋር ዚንክ የሚባለው ክኒን ከጤና ኬላ ይሰጣል፤ 6 ወር ላልሞላው በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም። ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ያህል መጨረስ አለበት።

ስኳርና ጨው ብቻ ምን ያህል ይሠራል ብሎ የሚንቅ ካለ ይኸን ይስማ። ጨው ብቻውን በተጎዳ አንጀት በኩል አያልፍም፤ ስኳር አብሮት ሲሆን ግን ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ውሃ አለቀና ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይኸንኑ ድብልቅ በበርሜል አስበጥብጠው ቤተሰብ ሕሙማኑን እንዲያጠጣ አደረጉ። ከ100 ሰው 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ወደ 4 ያህል ወረደ። ያጠጡት ነርሶች አልነበሩም፤ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ነበሩ።

ለክፍል ማስተማሪያ የሚሆን ዘዴም አለ፤ በልዩ ልዩ አገሮች ልጆች ልጆችን በሚያስተምሩበት እንቅስቃሴ ውስጥ ተሠርቶበታል። አንድ ቅል ወይም ፕላስቲክ ከታች በኩል ይበሳና ቀዳዳው ይወተፋል። እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ በአፉ ላይ ስስ እርጥብ ጨርቅ ይደረጋል። ከዚያ ውታፉ ሲነቀል ውሃው እየወረደ ጨርቁ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሕፃኑ እርግብግቢት የሚሰረጉደው እንዲሁ ነው። ታናናሾቹን ቀኑን ሙሉ የሚያዝለው ተማሪው ራሱ ስለሆነ ይኸን ያየ የ3ኛ ክፍል ልጅ ከብዙ ስብከት የበለጠ ለቤቱ ይጠቅማል።

ወደ ሳል እናምራ። ሳል ሁሉ የሳንባ ምች አይደለም፤ የሚለየው በሰዓት ነው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ከፍ አድርጎ የደረቱን ወይም የሆዱን እንቅስቃሴ 1 ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ዕድሜው 2 ወር ያልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠረ በፍጥነት እየተነፈሰ ነውና ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነማ ነገሩ የባሰ ነው። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የሒሳብ መምህራችንን ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ የሕፃን አተነፋፈስ ግን ወጥ ስላልሆነ ያሳስታል። ከቆላው ለመጣ ልጅ ትኩሳት ሲሆን ደግሞ ወባ እንዳይሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ይታይለት። እስከዚያው ልብስ ማቃለል እንጂ በብርድ ልብስ መጀቦን አይገባም።

ስለ ልጅ ልብ ደግሞ እንነጋገር፤ በሳይኮሎጂ ክፍለ ጊዜ የምንማረው ከዚህ ጋር ይገናኛል። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ከበሽታው ይልቅ ከእናቱ መለየት ያስፈራዋል። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ለብዙ ዘመን ወላጅ የታመመ ልጁን የሚጠይቀው በተወሰነ ቀን ብቻ ነበር፤ ልጁ ሲያለቅስ ያስቸግራል ተብሎ። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ሆስፒታል የገባች የ2 ዓመት ልጅን በፊልም አንሥቶ ዝም ማለቷ መልመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ መሆኑን አሳየ። በ1959 የአገሩ መንግሥት ያስጠናው ሪፖርትም እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲቆዩ መከረ። በእኛ አገር አስታማሚ ከአልጋው ሥር ተኝቶ ማደሩ ያለ ነው። ግቢው ይጨናነቃል፣ እውነት ነው፤ እነሱ ግን በፊልምና በሪፖርት የደረሱበትን ነገር የእኛ እናቶች ነጠላቸውን አንጥፈው ሲያደርጉት ኖረዋል።

ከ3 ዓመት በላይ ያለው ደግሞ በሽታን እንደ ቅጣት ያስበዋል። ስላጠፋሁ ነው የታመምኩት ይላል። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? «ካላረፍክ መርፌ አስወጋሃለሁ!» እያልን እናስፈራራለን። በየቤቱ አለ፤ በየክፍሉም አለ። እንዲህ ያደገ ልጅ ነጭ ጋዋን ሲያይ ቢጮህ ምን ይፈረድበታል? «አያምም» ብሎ መዋሸትም ሌላው ጥፋት ነው፤ ሁለተኛ አያምነንም። «ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እጅህን እኔ እይዛለሁ» ማለት ይሻላል። ክትባት ሲመጣ ይኸ ጠቃሚ ነው፤ በአገራችን የክትባት ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሕይወት ቢተርፍም ጀምሮ የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ሲወለድ፣ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር መሆኑን ለወላጆች ስብሰባ መናገር ለመምህር ከባድ አይደለም።

እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስን «ግግ ነው» ብሎ ማስነቀል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጡ ናቸው። ግን አንቀጽ ጠቅሶ ሽማግሌ ማስፈራራት ለአዲስ መምህር አያዋጣም። በዚያው ምላጭ ስንት ልጅ እንደ ተቆረጠ፣ ደሙ ቢፈስ ማን እንደሚያቆመው በትሕትና መጠየቅ የተሻለ ያስኬዳል።

ክፍል ውስጥ ልጅ ቢያንቀጠቅጠው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ አፍኖ መያዝ የለም። በአካባቢው ያለው ድንጋይና ወንበር ይነሣ፣ ልጁ በጎኑ ይተኛ፣ ሰዓት ይታይ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ነው። እሳት ላይ ለወደቀም ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበት።

ሌሊት በር ቢንኳኳ፣ ሳይነጋ መሄድ ያለበት የትኛው ነው? መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ተጠርቶ የማይነቃ ወይም የደነዘዘ። ከእነዚህ አንዱ ካለ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤት ይጠራ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ደረት ጋር ተሸፍኖ ይሂድ፣ መጥባት ከቻለ በመንገድ እየጠባ።

መምህሩም በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል፤ ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀድዶ መጻፍ ነው። የልጁ ዕድሜ፣ ሕመሙ የጀመረው መቼ እንደ ሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተቀመጠ ወይም እንዳስመለሰ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ስንት እንደ ተቆጠረና በስንት ሰዓት፣ ምን መድኃኒት ወይም ምን ቅጠል እንደ ተሰጠው፣ የመጨረሻው ሽንት መቼ እንደ ሆነ። የባህል መድኃኒት ከተሰጠም እናቲቱ እንዳትሰደብ ብሎ መደበቅ አይገባም፤ ይጻፍ። ወረቀቱን እናቲቱ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች፤ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ደክሟት፣ ደንግጣ ልትረሳው የምትችለውን ሁሉ ወረቀቱ ይናገርላታል።